ኋላ የማይጨመረው ይቅደም፦ ተፍኪ ላይ ቤት ስንሠራ የገባኝ ነገር

ነገሩ የጀመረው ከቲክቶክ ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማታ ማታ የሚያየው የቪላ ቪዲዮ ብቻ ሆኗል። ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ግድግዳ፣ ኳስ የሚያጫውት ሳሎን፣ ከኮርኒሱ ውስጥ ቦግ የሚል ሰማያዊ መብራት። «እኛም እንደዚህ ነው የምንሠራው» ይላል ስልኩን ወደኛ እያዞረ። እማዬ ሽሮዋን እያማሰለች «ይሁና» ትላለች። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ የሒሳብ ደብተሩ ተሰጠኝ። ዲግሪዬ ቤት ውስጥ እስካሁን የጠቀመው ለዚህ ብቻ ነው።

የምንሠራው ተፍኪ ነው። ለማያውቃት፦ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ፣ ሰበታን አልፋችሁ፣ ተራራው ወደኋላ ቀርቶ ሜዳው ሲለጠጥ የምታገኟት ከተማ ናት። የአባቴ እናት የምትኖርበት አሮጌ የጭቃ ቤት እዚያ አለ። አኮ ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ቤቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ከጀመረ ቆይቷል። ዕቅዳችን እሱን አፍርሰን በዚያው ግቢ ለአኮ፣ ለአባዬና ለእማዬ፣ ለእኔ፣ እንዲሁም ዱባይ ለምትሠራው እህቴ የሚሆን አንድ የቤተሰብ ቤት ማቆም ነው።

ገንዘቡ አባዬ ከሥራ ሲወጣ ያገኘው ፕሮቪደንት ፈንድና እህቴ በየወሩ የምትልከው ነው። አንድ ማታ የሲሚንቶውን ወጪ ስጽፍ በእህቴ የቀን ገቢ አካፈልኩት። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ በኩንታል መቁጠር አልቻልኩም፤ በእሷ የሥራ ቀን ሆነ የምቆጥረው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ቆንጆ ቤት አይደለም። የሰው ልፋት የፈሰሰበት ቤት በሦስተኛው ክረምት እንዳይሰነጠቅ ምን ምን መቅደም አለበት ስለሚለው ነው።

በየካቲት ግቢውን ልንለካ ሄድን። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጄን ወደ አንዱ ስንጥቅ ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ። አባዬ ሜትሩን ይዞ ስለ ሳሎኑ ስፋት ያወራል። አኮ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበርና «ይሄ መሬት ለሽምብራ ነው እንጂ ለግንብ አይደለም» አለችኝ። ሳቅን። ጎረቤት ያለውን የብሎኬት ቤት ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ሳቄ ቆመ። ቤቱ ገና አዲስ ነው። ከመስኮቱ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ በሰያፍ እስከ ጣሪያው ወጥቷል፤ ጣት ያስገባል።

የዚያን ማታ ደብተሩን ከፍቼ አንዱን ገጽ ለሁለት ከፈልኩት። በግራ «ኋላ የሚጨመር»፣ በቀኝ «ኋላ የማይጨመር» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለቱ ዓምዶች

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሴራሚክ ዛሬ ባይለጠፍ ከአምስት ዓመት በኋላ ይለጠፋል። ጂፕሰም፣ ቀለም፣ መጋረጃ፣ ቁም ሳጥን፣ የግቢው በር፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ገንዘብ ሲገኝ ይመጣሉ። መሠረት፣ የወለል ከፍታ፣ ቤቱ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ፣ ከወለሉ ሥር የሚያልፍ የፍሳሽ ቱቦ፣ በግድግዳ ውስጥ የሚሄድ ሽቦና የበር ስፋት ግን ከተሠሩ በኋላ የሚስተካከሉት በማፍረስ ነው። ማፍረስ ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ አንዴ ለማፍረስ፣ አንዴ እንደገና ለመሥራት።

«እሺ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ብንሠራውስ?» የሚል አይጠፋም። እኛም አስበን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፌሮና የሽቦ ዋጋም አብሮ ተነሳ። ለዚህ ነው እዚህ ጽሑፍ ላይ አንድም የዕቃ ዋጋ ያልጻፍኩት፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ያስቃል። ዋጋ በዚህ ፍጥነት ሲሮጥ ገንዘቡ መሀል ላይ ሊያልቅ እንደሚችል አስቦ መነሳት ይሻላል። ካለቀም ሴራሚኩ ጋ ሲደርስ ይለቅ፤ መሠረቱ ላይ አይለቅ።

እንግዲህ ቀኙ ዓምድ ላይ የገቡትን በተራ ላውጋችሁ።

1. አፈሩን ሳታውቁ ፕላን አታሠሩ

የተፍኪ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው ዋልካ ይለዋል፤ ግንበኞች ደግሞ «ብላክ ኮተን» ይሉታል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይነገራል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የኛ የተፍኪዎች ብቻ አይደለም። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በጋ ይለቀዋል። ዳርና መሀሉ እኩል ስለማይረጥቡ ደግሞ አንዱ ጥግ ሲነሳ ሌላው ይቀራል። የጎረቤታችን ሰያፍ ስንጥቅ ከዚህ የመጣ ነው።

የሚገርመው የአኮ አሮጌ ጭቃ ቤት ይህን ሁሉ ዓመት መቆሙ ነው። ነገሩ ሲገባኝ አልገረመኝም። እንጨት፣ ማገርና ጭቃ አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። የተሰነጠቀው ምርጊት ክረምቱ ሲወጣ በጭቃ ይደፈናል፣ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ብሎኬት ግን አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ግንብ ከጭቃ ይበልጣል ብለን ስንነሳ መሬቱም ከግንብ ጋር የሚስማማ መሆን እንዳለበት እንረሳለን።

መፍትሔው ምንድነው? መጀመሪያ ጉድጓድ ቆፍሮ ማየት። ጥቁሩ አፈር ምን ያህል ይወርዳል? አንድ ሜትር ተኩል ላይ ጠንካራ መሬት ከተገኘ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ሜትር ቢወርድ ሌላ ነው። ይህን የሚወስነው ኢንጂነር እንጂ ቲክቶክ አይደለም። የተለመደው አሠራር ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ ገረጋንቲውን በስስ በስሱ እየደረደሩ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ በላይ ቤቱን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የሚያስር የኮንክሪት ቢም ማድረግ ነው።

ቀበቶው ሌላም ጥቅም አለው። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥና ጥር ላይ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ የሰማችሁት ታስታውሳላችሁ፤ እኛ ቤት ብርጭቆው ሲንጫጫ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ወጥተን ነበር። ከታች በመሠረቱ፣ ከላይ በግድግዳው ራስ ላይ ቢም ያለው ቤት አንድ ላይ ይወዛወዛል። የሌለው እያንዳንዱ ግድግዳ ለብቻው ነው።

ሌላው ውኃው መሠረቱ አጠገብ እንዳይቆም ማድረግ ነው። አሸንዳ ይኑር፣ ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ በቱቦ ርቆ ይሂድ፣ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ይኑር። ባሕር ዛፍም ከቤቱ ይራቅ፤ ቢቻል ቁመቱን ያህል። ሥሩ ውኃውን ሲመጠው አፈሩ በአንድ ወገን ብቻ ይደርቃልና።

ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ዓይን የሚገባ ነገር የለውም። መሬት ውስጥ ይቀበራል። አባዬ ሒሳቡን ሲያይ «ግማሹ ብሬ ለጉድጓድ ሆነ እኮ!» አለ። ግማሽ አልነበረም። ግን ሳሎኑ በሁለት ሜትር አጠረ፣ ሴራሚኩም ወደ ግራው ዓምድ ተሻገረ። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

2. ውኃው የት ድረስ እንደመጣ ሽማግሌ ጠይቁ

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ይህን የበቾን ሜዳ አቋርጦ ነው የሚወርደው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። እዚህ ላይ ገና ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ክረምት ላይ ሲሞላ ከመስመሩ ወጥቶ ይተኛል። አፈሩም ከጠገበ በኋላ ውኃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም።

የወለሉ ከፍታ ስንት ይሁን ስንባባል ወደ አኮ ሄድኩ። ተነስታ በከዘራዋ የአሮጌውን ቤት ምሰሶ ነካች። ጉልበቷ በታች ነበር። «እዚህ ድረስ መጥቷል» አለች። «አባትህ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ዶሮዎቹን አልጋ ላይ ነው የሰበሰብነው።» አባዬ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግሮን አያውቅም። እኔ በሜትር ለካሁት፤ 40 ሳንቲ ሜትር። ወለሉ ከግቢው መሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ተወሰነ።

የትኛውም የመንግሥት ካርታ ላይ ያላገኘሁትን መረጃ ከዘራ ነገረኝ። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ከደላላው በፊት በሠፈሩ ረጅም ጊዜ የኖረ ሰው አነጋግሩ። «ክረምት ላይ እዚህ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ሰው ሁሉ ቦታ የሚያየው በበጋ ነው።

3. ደረጃ ለማን ነው?

ወለሉ ከፍ ሲል ሌላ ጣጣ መጣ። 60 ሳንቲ ሜትር ማለት አራት ደረጃ ነው። አኮ ጉልበቷን ያማታል፤ አሁን ያለችበት ቤት ደፍ እንኳ ያስቸግራታል። ቤቱን ከጎርፍ ስናድን እሷን ከቤቱ ልናስወጣት ነው።

ያለው መላ ራምፕ ነው፤ ማለትም ያለ ደረጃ የሚወጣ ተዳፋት። በብዙ አገር የተለመደው መለኪያ 1 ለ 12 ነው፤ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ስናሰላው 60 ሲባዛ በ12፣ 7 ሜትር ከ20 ሆነ። አባዬ ወረቀቱን ሲያይ «ቤቴን ሆስፒታል ልታስመስሉት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፊት ለፊት ተደንቅሮ ሲታይ አላማረኝም።

መላውን ያገኙት ፎርማናችን ናቸው። ጋሼ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን አውጥተው ራምፑን ከፊት ለፊት ነቅለው በጎን በኩል፣ የግድግዳውን ርዝመት ተከትሎ በረንዳው ጋ እንዲያልቅ አደረጉት። «ከፊት አይታይም፤ ደግሞ ከዘራ ለያዘ ብቻ አይደለም፤ ፍሪጅም፣ የአራስ አልጋም፣ ሬሳም የሚያልፈው በዚሁ ነው» አሉ። የመጨረሻዋ ቃል ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። ከዚያ በኋላ ራምፑን የተከራከረ የለም።

ከራምፑ ጋር ሦስት ነገሮች አብረው ሄዱ። የአኮ መኝታ ከመታጠቢያው ጋር በአንድ ወለል፣ በጣም ተቀራርቦ። የበሮች ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር፣ የመጸዳጃው በር ጭምር፤ ብዙ ቤት የመጸዳጃ በር 70 ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወይም ሰው ደግፎ አይገባም። ሦስተኛው፣ መጸዳጃው ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት የሚታሰርበት ቦታ በብሎኬት ሳይሆን በኮንክሪት እንዲሞላ። ብረቱን ዛሬ ባንገዛውም ግድግዳው ይጠብቀዋል። «እኛ ወጣት ነን» የምትሉ ካላችሁ፣ ቤት ከ30 ዓመት በላይ እንደሚቆይና እናንተም አብራችሁት እንደምታረጁ አትርሱ።

4. ዝናቡን አትሸኙት

ይህኛው የኔ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ስላለው ወደድኩት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወድቅ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በትንሹ 100,000 ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው። የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ብንተወው 80,000 ሊትር ይቀራል፤ 4,000 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን።

ግን ዋናው ችግር ዝናቡ አይደለም፣ ማስቀመጫው ነው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከዚህ ጣሪያ በ60 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይሞላል፤ በሐምሌ ብቻ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ይጥላል። የቀረው ሞልቶ ይፈሳል። አምስት ሰው በቀን ሃያ ሃያ ሊትር ብቻ ቢጠቀም 5,000 ሊትር ለ50 ቀን ይበቃል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሠፈር 50 ቀን ትልቅ ነገር ነው።

አሁኑኑ ሁለት ታንከር መግዛት የግድ አይደለም። የግድ የሚሆነው ቦታውን ማዘጋጀት ነው። 5,000 ሊትር ውኃ ብቻውን 50 ኩንታል ይመዝናል። ጣሪያ ላይ እንዲሁ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ የታንከሩ ማማ የራሱ መሠረት ያስፈልገዋል፣ በተለይ በዚህ አፈር። አሸንዳውም ውኃውን ወደዚያ አቅጣጫ እንዲወስድ ከመጀመሪያው ይታቀድ። ክረምቱ ሲገባ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ውጭ የሚለቀቅበት መንገድ ይኑር። ውኃው ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለጓሮ ነው፤ የሚጠጣ ከሆነ ይፈላ ወይም ይታከም።

የፍሳሹን ነገር በአጭሩ፦ ጥቁር አፈር ውኃ ስለማያሰርግ ተራ የመጸዳጃ ጉድጓድ ክረምት ላይ ይሞላና ወደ ላይ ይመለሳል። ሴፕቲክ ታንኩ በደንብ የተደፈነ፣ መኪና ገብቶ ሊመጥጠው የሚችልበት ቦታ ላይ ይሁን። ግቢው ውስጥ ወይም ጎረቤት ጉድጓድ ውኃ ካለ በትንሹ 30 ሜትር ይራቅ። ይህ ለጎረቤትም ተብሎ ነው።

5. ማድ ቤት፦ የእማዬ ምዕራፍ

እማዬ በጠቅላላው የፕላን ክርክር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። አርክቴክቱ ያመጣው ፕላን ላይ ኩሽናው ሳሎኑ ውስጥ ነበር፤ ክፍት፣ ዘመናዊ፣ እንደ ቪዲዮዎቹ። እማዬ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «እንጀራው የት ነው የሚጋገረው?» አለች። አርክቴክቱ ዝም። አባዬም ዝም።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች የቤት ውስጥ ጭስ ባመጣባቸው ሕመም ሞተዋል። ጭሱን የሚውጡት በአብዛኛው ሴቶችና እግራቸው ሥር የሚጫወቱ ሕፃናት ናቸው። የእማዬ ሳልም ከወዴት እንደመጣ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ሁለት ማድ ቤት ሆነ። አንዱ ውስጥ ነው፣ ለወጥና ለሻይ። ሌላው ከቤቱ ጀርባ ሰርቪስ ላይ፤ ጭስ መውጫና ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ያሉት። መብራት ሲጠፋ ለመጋገሪያ ምርት ምድጃ ይገባበታል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድም አንድ ነገር። የተለመደው ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ያም የአንድ ሶኬት ሙሉ አቅም ነው። ከፍሪጅና ከውኃ ማፍያ ጋር በአንድ መስመር ካያያዛችሁት ወይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይ ደግሞ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ወፈር ያለ ሽቦ ይፈልጋል። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ይህን ማስተካከል መቦርቦር ነው፤ ቀኝ ዓምድ። ቤቱ በሙሉ የመሬት ሽቦ እንዲኖረውም አስደርጉ፤ ብዙ ቤት «ኋላ» ተብሎ የሚቀር ነገር ነው።

ከሰልንም አንርሳ። የቡና ረከቦቱ ቦታ ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ተደርጓል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ተፍኪ ላይ ይበርዳል፤ ሰው ማንደጃ ወደ መኝታ ያስገባል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው አያነቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ መኝታ ከላይ የማይዘጋ ትንሽ የአየር መግቢያ አለው። ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም።

6. ፀሐይ በነፃ ናት

ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ አለ። ቦታው ላይ ቆማችሁ ክፈቱት። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ነን። በግምት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት። ብርድ የሚበረታባቸው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ፀሐይ በደቡብ የምትሆንባቸው ናቸው። ስለዚህ ቀን ቀን ሰው የሚቀመጥበት ሳሎን መስኮቱ ወደ ደቡብ፣ መኝታ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ቢሆን የጧት ሙቀት ያገኛል። ትልልቅ መስኮት ወደ ምዕራብ አታብዙ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ፕላናችን ላይ የአኮ መኝታ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ነበር፤ መንገድ ዳር ሳሎኑ እንዲታይ ሲባል። አዞርነው። ወረቀት ላይ ማዞር አንድ ብር አያስወጣም፤ ከመሠረቱ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይዞርም። ኮርኒስም የግድ ነው፤ ቆርቆሮ ብቻውን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አጠገባችሁ ያለ ሰው የሚያወራውን አታደምጡም። ጂፕሰም ባይሆን ቺፑድ ይበቃል።

7. የእህቴ ክፍል

ፕላኑን ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ስለ መሠረቱ፣ ስለ ገረጋንቲው ረጅም ድምፅ ቀድቼ አስከተልኩ። የመለሰችው አንድ መስመር ነበር፦ «የኔ ክፍል የቱ ናት?»

ደብተሩ ላይ ያቺ ክፍል «ኪራይ» ተብላ ነበር የተመዘገበችው። በኢኮኖሚክስ ዓይን ትክክል ነው፤ የምትመጣበት ቀን ለማይታወቅ ሰው ባዶ ክፍል መተው ገቢ ማጣት ነው። ግን ቤቱ በማን ገንዘብ ነው የሚሠራው? መልስ ሳልጽፍላት ቀረሁ፤ ሁለት ቀን ሆነኝ።

በመጨረሻ ያቺን ክፍል ወደ ቤቱ ጥግ አወጣናት። ሁለት በር አላት፦ አንዱ ወደ ግቢው፣ አንዱ ወደ ሳሎኑ። የራሷ መጸዳጃ፣ የራሷ ትንሽ የመብራት ቆጣሪ የሚገባበት ቦታ አላት። እህቴ እስክትመጣ የሳሎኑ በር ተቆልፎ ትከራያለች፣ ገቢውም በእሷ ስም ይቀመጣል። ስትመጣ የሳሎኑ በር ይከፈታል። አንድ ተጨማሪ በርና አንድ የፍሳሽ መስመር ነው ልዩነቱ። ቤተሰብ እንደሚለዋወጥ አስቦ ቤትን መንደፍ ማለት ለኔ ይኸው ነው።

ለወደፊት ማሰብ ስል ግን በየሠፈሩ ጣሪያ ላይ ፌሮ ቀና ብሎ እንደሚቀረው አይደለም። መሠረቱ ለፎቅ ካልተሰላ ያ ፌሮ ተስፋ ብቻ ነው፤ እሱም ይዝጋል። ፎቅ የምታስቡ ከሆነ ከመሠረቱ አስሉት። የማታስቡ ከሆነ ፌሮውን ለቢሙ ተጠቀሙበት።

እስካሁን የት ደረስን?

ይህን ስጽፍ ሰኔ ነው። ቤቱ ገና ቤት አይመስልም። መሠረቱ ወጥቷል፣ የወለሉ ኮንክሪት ተሞልቷል፣ ራምፑ በጎን በኩል እንደተኛ ነው። ግድግዳው ከክረምቱ በኋላ ይቀጥላል፤ ገንዘቡ እስከዚያ የደረሰው እዚህ ድረስ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። እኔና አባዬ አሮጌው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመን አየን። ውኃው ሜዳውን ሞልቶ መጣ፣ አዲሱን ወለል ዞሮ ወደ ቦዩ ሄደ። ወለሉ ላይ አልወጣም። አባዬ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀረፀ። ሴራሚክ የለም፣ ሰማያዊ መብራት የለም፤ ግራጫ ኮንክሪትና ጭቃ ውኃ ብቻ። ለእህቴ ላከላት።

አኮ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ከዘራዋን ይዛ ወጣች። በራምፑ ቀስ እያለች ወጥታ ምንም ግድግዳ የሌለው ቤት መሀል ቆመች። «መኝታዬ የት ጋ ነው?» አለች። አባዬ እጇን ይዞ ወደ ምሥራቁ ጥግ ወሰዳት።

እናንተስ? ቤት እየሠራችሁ ከሆነ፣ ወይም ወላጆቻችሁ እየሠሩ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። ክርክሩን ደግሞ አትፍሩት። ወረቀት ላይ የተጣሉት ይታረቃል።